ቦምብ ሲያይ ዘሎ የሚያመልጠው ጠላት፦ የሄይሎ ኤሊየኖች እንዴት ያስባሉ?

ከድንጋይ ጀርባ ተጎንብሳችኋል። ከፊታችሁ፣ ቢበዛ ሃያ ሜትር ርቀት ላይ፣ ሰማያዊ ጥሩር የለበሰና ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ ኤሊየን ቆሟል። አጠገቡ ሦስት ድንክ ፍጡራን፣ ጀርባቸው ላይ ሾጣጣ ጋን የመሰለ ነገር አዝለው፣ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የእጅ ቦምብ ትወረውራላችሁ። ቦምቡ መሬት ላይ ነጥሮ ከመፈንዳቱ በፊት ባለችው ቅጽበት አንዱ ድንክ እየጮኸ፣ እጆቹን እያወናጨፈ ይሮጣል። ረጅሙ ግን አይጮኽም። ራሱን ወደ ጎን ወርውሮ ይንከባለላል፣ ይነሣል፣ ከዚያም እናንተ ወደተደበቃችሁበት ድንጋይ ይተኩሳል።

እኔ ይህን ያየሁት የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ጌሙ ከወጣ ብዙ ዓመት አልፎት ነበር። እስከዚያ ቀን ጌም ማለት ለእኔ ሰፈራችን ያለው የፕሌይስቴሽን ቤት ኳስ ነው፤ በጨዋታ እየተከፈለ፣ የተሸነፈ እየተነሣ። እዚያ ተቃዋሚዬ አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ስለሆነ ማሰቡ አይደንቀኝም። እዚህ ግን ሰው በሌለበት የሚፈራ፣ የሚደበቅ፣ የሚናደድ ነገር አየሁ። "ይሄ ነገር ያስባል እንዴ?" ስለው የአክስቴ ልጅ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ "ኮምፒውተር ነዋ" ብሎ ዘጋኝ።

መልሱ ልክ ነው፤ ግን ምንም አይመልስም። ኮምፒውተርስ እንዴት አድርጎ ነው የሚፈራው?

ጌሙ ሄይሎ ይባላል። የሠራው ባንጂ በ1991 ቺካጎ ውስጥ የተቋቋመ ድርጅት ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1999 ኒው ዮርክ ላይ ጌሙን መድረክ ወጥቶ ያስተዋወቀው የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ መሆኑን ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በዓመቱ ማይክሮሶፍት ባንጂን ገዛው፤ ሄይሎም ኖቬምበር 15 ቀን 2001 ኤክስቦክስ ከተባለው አዲስ ኮንሶል (የጌም መጫወቻ ማሽን) ጋር እኩል ገበያ ወጣ። የዚያ ኮንሶል ፕሮሰሰር ፍጥነት 733 ሜጋኸርዝ፣ ራሙ 64 ሜጋባይት ነበር። ዛሬ ርካሽ የሚባለው ባለ 2 ጊጋ ራም ስልክ እንኳ ከዚያ ሠላሳ እጥፍ ይበልጣል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ታሪኩን ባጭሩ፦ ዘመኑ 2552 ነው። ኮቨናንት የሚባል፣ ከብዙ ዓይነት ፍጡራን የተውጣጣና በአንድ ሃይማኖት የተሳሰረ ጦር የሰው ልጅን ከየፕላኔቱ እየጠረገ ነው። ማስተር ቺፍ የሚባል ልዩ ወታደር (የምትጫወቱት እሱን ሆናችሁ ነው)፣ ኮርታና ከምትባል የኮምፒውተር አእምሮ ጋር፣ ዙሪያ ጥምጥም ቀለበት የመሰለ ግዙፍ ሰው ሠራሽ ዓለም ላይ ያርፋል። የቀለበቱ ስፋት ከጫፍ ጫፍ 10,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመሬት ጥቂት ያንሳል። የቀረውን ስትጫወቱ ትደርሱበታላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ታሪኩ ሳይሆን ያ ዘሎ ያመለጠው ረጅሙ ነው። ስሙ ኤሊት ይባላል፤ ድንኮቹ ግራንት።

መጀመሪያ ማሳወር

ብዙ ሰው ብልህ ጠላት ማለት የማይሸነፍ ጠላት ይመስለዋል። በኮምፒውተር ዓለም ግን የማይሸነፍ ጠላት መሥራትን የመሰለ ቀላል ነገር የለም። ጌሙን የሚያስኬደው ማሽን እናንተ የት እንዳላችሁ በሚሊሜትር ያውቃል፤ የምትቆሙበትን የሚስለው እሱ ራሱ ነውና። ጠላት ሁሉ ባያችሁ ቁጥር ግንባራችሁ ላይ ሳይስት እንዲተኩስ ማድረግ ለፕሮግራመር የከሰዓት ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን ጌም ግን ማንም ሁለት ጊዜ አይከፍተውም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከተቃራኒው ነው፦ ሁሉን የሚያውቀውን ማሽን እንዳያውቅ ማድረግ። ለእያንዳንዱ ኤሊትና ግራንት ዓይንና ጆሮ ይሰጠዋል። ዓይኑ ከፊቱ ያለውን እንጂ ከኋላው ያለውን አያይም፤ ግድግዳ ይከልለዋል። ጆሮው ተኩስ ከሩቅ ይሰማል፤ ቀስ ብሎ የሚራመድን ሰው ግን አይሰማም። ከዚያ እያንዳንዱ ጠላት የግል ማስታወሻ ይኖረዋል፤ "ባላጋራዬን መጨረሻ ያየሁት እዚያች ድንጋይ ጋ ነው" የሚል ዓይነት። ማሽኑ እውነቱን ቢያውቅም ኤሊቱ እንዲጠቀም የሚፈቀድለት ማስታወሻው ላይ ያለውን ብቻ ነው።

ልጅ ሆነን ኩኩሉ ስንጫወት ዓይኑን የጨፈነው ልጅ "ነጋ" ሲባል ወዴት ነበር የሚሮጠው? መጨረሻ ኮቴ ወደሰማበት ነው። እናንተ ግን በጓሮ ዞራችሁ ከኋላው ቆማችኋል። የኩኩሉ ደስታ ያለው እሱ በሚያውቀውና እናንተ በምታውቁት መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ነው። የጨፈነው ልጅ በጣቶቹ መሃል እያጮለቀ መሆኑ የተነቃ ቀን ጨዋታው ያበቃል፤ ጠብ ይነሣል። ሄይሎ ውስጥ ያለው ኤሊት አያጮልቅም። ወደ ባዶ ድንጋይ ሲተኩስ አይታችሁ በጎን ዞራችሁ ስትደርሱበት የሚደነግጠው ለዚህ ነው፦ ማስታወሻው ላይ እናንተ አሁንም እዚያ ናችሁ።

የታክሲ ረዳቱ

ማየትና መስማቱ እንግዲህ ይህ ነው። ቀጣዩ ጥያቄ፣ ያየውን ይዞ ምን ያደርጋል? የሚለው ነው።

የድሮው መንገድ ለእያንዳንዱ ሁኔታ አንድ ሳጥን መሥራት ነበር፦ "ዘብ መቆም"፣ "መተኮስ"፣ "መሸሽ"፣ "መፈለግ"። ከዚያ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው የሚወስድ ቀስት ይሰመራል፤ ዘብ ቆሞ ሳለ ጠላት ካየ ወደ መተኮስ ይሂድ፣ እየተኮሰ ሳለ ከቆሰለ ወደ መሸሽ ይሂድ እያለ። አራት ሳጥን ሲሆን ችግር የለውም። ሳጥኖቹ 10 ሲሆኑና ከሁሉም ወደ ሁሉም መሄድ ካስፈለገ ግን ቀስቶቹ 90 ይሆናሉ። 50 ሲሆኑ 2,450። አንድ አዲስ ጠባይ ለመጨመር የፈለገ ፕሮግራመር ከሃምሳው ሳጥን ጋር አንድ በአንድ ሲያያይዝ ይከርማል፤ አንዱን ከረሳ ደግሞ ጠላቱ ቦምብ እግሩ ሥር ወድቆ ዘብ እንደቆመ ይሞታል።

ባንጂዎች ሁለተኛውን ሄይሎ ሲሠሩ (ኖቬምበር 9 ቀን 2004 ነው የወጣው) ይህን ትተው ሌላ ዘዴ ያዙ። ዴሚያን ኢስላ የተባለው የቡድኑ ፕሮግራመር በ2005 በጌም ሠሪዎች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ አብራርቶታል፤ የጠባይ ዛፍ ልንለው እንችላለን። ስሙ ያስፈራ እንደሆነ እንጂ አሠራሩን አዲስ አበባ ያደገ ሰው በየቀኑ ሲያየው ነው የኖረው።

ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ያለውን ረዳት ልብ በሉ። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ዝርዝር በቅደም ተከተል የተደረደረ ነው። ከሁሉ በፊት ትራፊክ ፖሊስ። ታይቶ ከሆነና ትርፍ ሰው ከተጫነ "ዝቅ በሉ፣ ዝቅ በሉ!" ነው፤ ሌላው ሁሉ ይቆያል። ትራፊክ ከሌለ፣ "ወራጅ አለ" ያለ ሰው አለ? ካለ ለሾፌሩ ያስተላልፋል፣ በሩን ይከፍታል። ወራጅም ከሌለ፣ ባዶ ወንበር አለ? ካለ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!" ይላል። ሁሉም ሞልቶ ከሆነ፣ ያልከፈለ አለ? "ሂሳብ፣ ከኋላ" ይላል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ካለቀ ብቻ በሩን ተደግፎ ከሾፌሩ ጋር ስለ ትናንቱ ኳስ ያወራል።

አሁን ቁም ነገሩን እዩት። ረዳቱ የመቶ ብር መልስ እየቆጠረ ሳለ አንዲት እናት "ወራጅ" ቢሉ ቆጠራውን ይተዋል፤ ወራጅ ከሂሳብ ይቀድማልና። በሩን እየከፈተ ሳለ ትራፊክ ቢያይ በሩን ትቶ ጎንበስ ይላል። ነገሩ ሲያልፍ ወደ ሂሳቡ ይመለሳል። (መልሳችሁን ረስቶት ከሆነ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።) "ሂሳብ ስትሰበስብ ወራጅ ቢመጣ እንዲህ አድርግ፣ ስትጣራ ወራጅ ቢመጣ እንዲህ አድርግ" እያለ ማንም አላስተማረውም። የሚያውቀው የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ነው፤ ከላይ ጀምሮ ይጠይቃል፣ መጀመሪያ "አዎ" ያለውን ይሠራል። ነገ ባለቤቱ "የተማሪ ቦርሳ ጭን ላይ ይሁን" የሚል አዲስ ደንብ ቢያመጣ ዝርዝሩ ውስጥ ቦታውን ይፈልግለታል እንጂ ሥራውን ከሀ አይጀምርም።

ኤሊቱም እንዲሁ ነው። ቦምብ አጠገቤ ወደቀ? ዝለል። የለም፤ ጋሻዬ አለቀ? መሸሸጊያ ፈልግ። የለም፤ ባላጋራዬ ይታየኛል? ተኩስ። አይታየኝም፤ መጨረሻ ያየሁት የት ነበር? ሄደህ ፈትሽ። ምንም የለም? ዘብ ቁም። እያንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ በሥሩ ሌሎች ጥያቄዎች አሉት፤ "ተኩስ" በሚለው ሥር ከቅርብ ወይስ ከሩቅ፣ ቆሜ ወይስ እየተንቀሳቀስኩ የሚሉ አሉ። ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ እያወጣ ስለሚሄድ ነው ዛፍ የተባለው። ለግራንቱ አንድ ጥያቄ ከፍ ተደርጎ ይገባለታል፦ አለቃዬ ሞተ? አዎ ከሆነ ጩኽና ሩጥ። ኤሊቱን ቀድማችሁ ስትገድሉ ድንኮቹ እጃቸውን ወደ ላይ አውጥተው የሚበተኑት ፍርሃት ስላላቸው አይደለም፤ የመጀመሪያው መስመር "አዎ" ስላለ ነው።

ይህ ዘዴ ከሄይሎ ወጥቶ ዓለምን አዳርሷል። ዛሬ አንሪል ኢንጂን የሚባለውን የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር የከፈተ ሰው የጠባይ ዛፍ መትከያውን ተዘጋጅቶ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ አንድ ማምታቻ መነሣት አለበት። አሁን ኤአይ ሲባል ሁላችንም ቻትጂፒቲ ነው ትዝ የሚለን፤ ብዙ አንብቦ የተማረ ነገር። የሄይሎ ጠላት ምንም አይማርም። መቶ ጊዜ በተመሳሳይ መንገድ ከኋላ ብትደርሱበት መቶ አንደኛውም ላይ ይደነግጣል። በ64 ሜጋባይት ውስጥ ከነሥዕሉ፣ ከነሙዚቃው፣ ከነተራራው ታሽጎ የተቀመጠ ዝርዝር ነው። ባንጂዎች የነበራቸው ቦታ ይህን ያህል ጠባብ ስለነበር ይመስለኛል ሌላ ነገር ላይ የበረቱት፤ ማሰብን ትተው ማስመሰልን።

ብልህነት ዕድሜ ይፈልጋል

ከሁሉም በላይ እኔን የገረመኝ ነገር ይህ ነው። ክሪስ ቡቸርና ጄይሚ ግሪስመር የተባሉ ሁለት የባንጂ ባለሙያዎች በ2002ቱ የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ አንድ ሙከራ አቅርበዋል። ተጫዋቾችን ጠርተው ጌሙን ያጫውቷቸዋል፤ ከዚያ "ጠላቶቹ ምን ያህል ብልህ ናቸው?" ብለው ይጠይቃሉ። ለአንዱ ቡድን የቀረቡት ጠላቶች ቶሎ የሚሞቱ ናቸው፤ ለሌላው የቀረቡት ደግሞ ብዙ ጥይት የሚችሉና አመታታቸው የሚያም። የሚያስቡበት ፕሮግራም ግን ያው ነው፤ አንድ ፊደል አልተለወጠም። ውጤቱ? ጠንካሮቹን የገጠሙት ሰዎች ውስጥ "በጣም ብልህ ናቸው" ያሉት ደካሞቹን ከገጠሙት በብዙ እጥፍ በለጡ።

ተጫዋቾቹ ተታለሉ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን አልልም። በሦስት ጥይት የሚወድቅ ኤሊት መሸሸጊያ ፈልጎ ቢያገኝ እንኳ ሳይደርስ ይሞታል። የሚያየው ሰው የለም። ቦምቡን ዘሎ ለማምለጥ፣ ድንጋይ ጀርባ ሄዶ ጋሻው እስኪሞላ ለመጠበቅ፣ በሌላ በኩል ዞሮ ለመምጣት በሕይወት መቆየት አለበት። ጥሩ ጠባይ ጽፎ ለሞት የቸኮለ ጠላት ላይ መጫን፣ ጎበዝ ተዋናይ ቀጥሮ መጋረጃው ሳይከፈት መግደል ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጠላቱ የሚያደርገውን ነገር ተጫዋቹ እንዲረዳው ማድረግ ነው። ኤሊት ከኋላችሁ ዞሮ ቢመጣና ሳታዩት ቢገድላችሁ ለእናንተ ከጌሙ ስህተት አይለይም፤ "ከየት መጣ?" ትላላችሁ፣ ትበሳጫላችሁ። ስለዚህ ጠላቶቹ ያወራሉ። ግራንቶቹ ሰው የሚገባው ቋንቋ እየለፈለፉ ሲያዩዋችሁ ይጮኻሉ፣ አለቃቸው ሲወድቅ ያለቅሳሉ፣ ስትጠፉባቸው ይጠያየቃሉ። ኤሊቶቹ በመጀመሪያው ሄይሎ የሚያጉረመርሙት የማይገባ ቋንቋ ነው፤ ቁጣውና ድንጋጤው ግን ይገባል። የጥሩሩ ቀለምም ይናገራል፦ ሰማያዊ ተራ ነው፣ ቀይ ከፍ ያለ፣ ወርቃማው ደግሞ የሚያንጸባርቅ ሰይፍ ይዞ ወደ እናንተ የሚሮጥ። ወርቅ ሲያዩ መሸሽ ማንም ሳያስተምር ይለመዳል።

ጋሻው ላይ ያለው ብልሃት ደግሞ ሁሉንም ያስንቃል። ማስተር ቺፍ ሰውነቱን የሚሸፍን የማይታይ ጋሻ አለው፤ ሲመታ ይቀንሳል፣ ጥቂት ሰከንድ ሳይመታ ከቆየ መልሶ ይሞላል። ጋሻው ካለቀ በኋላ የሚጎዳው ሥጋው ነው፤ እሱ ደግሞ በመጀመሪያው ሄይሎ መድኃኒት ካልተገኘ አይድንም። ኤሊቱም ራሱን የሚሞላ ጋሻ ተሰጥቶታል። ስለዚህ ጋሻው ተፈርክሶ ወደ ግድግዳ ጀርባ ሲሮጥ ለምን እንደሮጠ ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም። ከአንድ ደቂቃ በፊት እናንተም ያንኑ አድርጋችኋል። ጠላትን በራሳችን አንጻር ስናየው ነው "ያስባል" የምንለው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ጠላቱ በልክ መሳት አለበት። የኮቨናንት መሣሪያዎች ብዙዎቹ የሚተፉት ጥይት ሳይሆን የሚያበራ የእሳት ኳስ ነው፤ ሲመጣ በዓይን ይታያል፣ ጎንበስ ወይም ፈንጠር ብሎ ማለፍ ይቻላል። የእናንተ ጠመንጃ ግን በዓይን የማይያዝ ፈጣን ነው። ፍትሐዊ አይደለም። ሆን ተብሎ ነው። ያ የእሳት ኳስ ጆሯችሁ አጠገብ ሲያልፍ ለጥቂት እንዳመለጣችሁ ይሰማችኋል።

የቦታው አእምሮ

ሳይነገር የሚታለፍ አንድ ሠራተኛ አለ፦ ቦታውን የሚያዘጋጀው። ድንጋዩ እዚያ የተቀመጠው በአጋጣሚ አይደለም። አዘጋጁ ካርታው ላይ በዓይን የማይታዩ ብዙ ነጥቦች ይረጫል፤ "እዚህ ቆሞ መተኮስ ይቻላል" የሚሉ ምልክቶች። ኤሊቱ መሸሸጊያ ሲፈልግ ዓለሙን ሁሉ አያስስም፤ እነዚያን ነጥቦች ይመዝናል፦ የትኛው ይቀርበኛል? ከየትኛው ላይ ባላጋራዬ አያየኝም? ጓደኛዬ ይዞት የለም ወይ? ከዚያ አንዱን መርጦ ይሮጣል። ጥሩ የውጊያ ስሜት ግማሹ ከጠላቱ ጭንቅላት ሳይሆን ከመሬቱ ነው የሚመጣው ብል አላጋነንኩም። ያው ኤሊት ሰፊ ባህር ዳርቻ ላይና ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ሁለት የተለያየ ሰው ይመስላል።

ግሪስመር ስለ ሄይሎ ሲናገር ደጋግሞ የሚጠቀስለት የሠላሳ ሰከንድ ነገር እዚህ ጋ ነው የሚገባው። ውጊያው ደስ የሚል ሠላሳ ሰከንድ ነው፤ ቦምብ፣ ተኩስ፣ በጠመንጃ ሰደፍ መምታት፣ መደበቅ፣ እንደገና። ብዙዎች ይህን "ሠላሳ ሰከንድ ሠርተህ ድገመው" ብለው ተረዱት። እሱ ያለው ግን ያንን ሠላሳ ሰከንድ በሌላ ቦታ፣ በሌላ መሣሪያ፣ በሌላ ጠላት ላይ እያዟዟሩ ሁልጊዜ አዲስ ስለማድረግ ነው።

የዚህ ማስረጃ ሄይሎ ራሱ ውስጥ አለ፤ ጌሙ ሲበላሽ የሚታይበት ቦታ። ታሪኩ ከገፋ በኋላ ፍለድ የሚባል ሦስተኛ ወገን ይመጣል፤ ሬሳ ውስጥ እየገባ የሚያስነሣ ጥገኛ ፍጡር። ፍለድ አይፈራም፣ አይደበቅም፣ አለቃው ሲሞት አይበተንም። ዝም ብሎ በጅምላ ይመጣል። መጀመሪያ የሚታይበት ሰዓት በእውነት ያስደነግጣል። ቀጥሎ ግን ላይብረሪ የሚባል ምዕራፍ አለ፤ ፎቅ በፎቅ፣ ተመሳሳይ ኮሪደር፣ ተመሳሳይ መንጋ። ሄይሎን የሚወዱ ሰዎች እንኳ ያን ምዕራፍ ሲያማርሩ ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆናቸው። እኔም እዚያ ጋ ሁለት ጊዜ ትቼው ወጥቻለሁ። ጠመንጃው ያው ነው፣ ተጫዋቹም ያው ነው፤ የሌለው የሚሸሽ ጠላት ነው።

ወደ ኋላ ብንሄድ ነገሩ ከሄይሎም ይቀድማል። በ1978 ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ታይቶ ለተባለ ድርጅት ስፔስ ኢንቬደርስን ሠራ፤ 55 ኤሊየኖች ተሰልፈው ቀስ እያሉ የሚወርዱበት። መጀመሪያ ያሰበው የሰው ወታደሮችን ነበር፤ ሰው መግደል መልካም አይደለም ተብሎ ወደ ኤሊየን ተለወጠ። እነዚያ ኤሊየኖች አንዲት የሐሳብ ጠብታ የላቸውም። ግን እየሞቱ በሄዱ ቁጥር የተረፉት ይፈጥናሉ፤ የመጨረሻው አንዱ እንደ እብድ ይሮጣል። ተጫዋቹ ሲያየው የፈራ ወይም የተናደደ ይመስለዋል። ምክንያቱ ግን ማሽኑ 55ቱን ለመሳል ያለ አቅሙ ሲያቃስት ቆይቶ፣ ቁጥራቸው ሲቀንስ ሸክሙ ስለቀለለው ነው። ኒሺካዶም አይቶ ደስ አለውና እንዳለ ተወው።

ሄይሎ እኛ አገር እንደ ኳሱ ጌም ያልታወቀው በኤክስቦክስና በኮምፒውተር ብቻ ተወስኖ ስለኖረ ይመስለኛል፤ ጌም ቤቶቻችን ደግሞ የፕሌይስቴሽን ናቸው። በ2025 ኦክቶበር ግን የመጀመሪያው ሄይሎ ታሪክ እንደ አዲስ ተሠርቶ በ2026 ለፕሌይስቴሽን 5 ጭምር እንደሚወጣ ይፋ ተደርጓል። የድሮው በኮምፒውተር አሁንም ይገኛል።

አንዱ እጃችሁ ከገባ ይህን ሞክሩ። ከባድ የሚባለውን ደረጃ አትምረጡ፤ ደረጃው ሲጨምር በአብዛኛው የሚለወጠው የጠላቱ ጉልበትና የእሳቱ ፍጥነት እንጂ አእምሮው አይደለም። መካከለኛውን ያዙና አንድ ኤሊት ዓይን ውስጥ ግቡ። እንዲያያችሁ አድርጉ፣ ድንጋይ ጀርባ ተደበቁ፣ አትተኩሱ። ከዚያ ተጎንብሳችሁ፣ በጣም ቀስ ብላችሁ፣ በኋላ በኩል ዙሩ። ጎኑ ላይ ስትደርሱ ቁሙና ተመልከቱት፦ ጠመንጃውን ደግኖ፣ እግሩን አንፈራጥጦ፣ አሁንም ያችን ድንጋይ እያየ ነው።